ስለ መኪና ጽሑፍና ስለ አሳታሚው አላፊነት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ ግን ደጅ ሳይጠና ወደየቤታችን ስለ ገባ አንድ አዲስ ጸሐፊ ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን። ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መኪና ነው። ቻትጂፒቲ የተባለው በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፥ ማንም ሰው ቢጠይቀው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ረዥም ጽሑፍ አዘጋጅቶ ይሰጠዋል።

የወንድማችን ልጅ ስለ ንብና ስለ ማር ብቻ የሚናገር አንድ ትንሽ ወርኃዊ ጽሑፍ ያወጣል። አሳቡ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ጊዜ ቢያጥረው ሥራውን ሁሉ ለመኪናው ትቶ፥ የተሰጠውን ሳይመረምር ማውጣት ጀመረ። ከዕለታት አንድ ቀን ማር የልጆችን ሳል እንደሚያለዝብ የሚያስረዳ ጽሑፍ ወጣ፤ ቃሉም ያማረ ነበር። የአራት ወር ልጅ ያላት ጎረቤታችን ይህንኑ አንብባ ለሕፃኑ ማር በጣትዋ ልታቀምሰው ስትል፥ ባለቤታችን ደርሳ ከለከለቻት። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት እንደማይገባ ሐኪሞች ያስተምራሉ፤ አልፎ አልፎ በማር ውስጥ የሚገኝ ረቂቅ ተሕዋስ በሕፃኑ አንጀት አድጎ ሰውነትን የሚያዝል መርዝ ያወጣልና። ጽሑፉ የተናገረው ለታላላቆቹ ልጆች እውነት ነበር፤ ሳይናገር የተወው አንድ ቃል ግን ነፍስ ሊያጠፋ ነበር።

ልጁን ጠርተን ብንጠይቀው፥ «ጋሼ፥ የጻፍሁት እኔ አይደለሁም፤ መኪናው ነው» አለን። እኛም፥ «በራሱ ላይ የታተመው ስም የማን ነው?» ብንለው ዝም አለ።

ይህ ነገር በእርሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዚያው በ2015 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ሲኔት የተባለው የታወቀ የዜና ድርጅት 77 ያህል ጽሑፎችን በመኪና አስጽፎ ማውጣቱ ተገለጠ፤ ከነዚህም 41ዱ እርማት አስፈለጋቸው። አንደኛው ጽሑፍ 10,000 ዶላር በዓመት 3 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ 10,300 ዶላር ያተርፋል ይል ነበር፤ ትርፉ 300 ዶላር ብቻ መሆኑን ግን ሒሳብ የጀመረ ልጅ እንኳ ያውቃል። በጸሐፊው ስፍራ የተመለከተው የድርጅቱ ሠራተኞች የሚል ስም ነበር፤ ሥራው የመኪና መሆኑን የሚያነበው ይህን ስም የነካ ሰው ብቻ ነበር።

መኪናው ካነበበው ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ የትኛው ቃል የትኛውን ሊከተል እንደሚችል እየገመተ ይጽፋል እንጂ፥ እውነቱን አይቶ አይመሰክርም። ስለዚህም አያፍርም፤ አይከሰስምም። የሚያፍረውና የሚከሰሰው ስሙን ያኖረ ሰው ነው። ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው መጻሕፍትን ይጽፉ ከነበሩት አባቶቻችን ብዙዎቹ በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን አኑረው ስለ ስሕተታቸው ይቅርታ ይለምኑ ነበር። እኛም በምናገለግልበት የፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ፥ ግልባጭ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር ማኅተም አይደረግበትም።

በመኪና መርዳትን አንነቅፍም፤ ፊደል ማረምና የተበተነ አሳብ ማሰናዳት መልካም ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ይጠበቅ እንላለን። መጀመሪያ፥ አሳታሚው የማያውቀውን ነገር አያስጽፍ፤ የሚያውቀውንም ቃል በቃል ይመርምር። መኪናው የፈረንጆችን ሰዓት እንዳለ ገልብጦ «ከጧቱ 8 ሰዓት» ሲል አይተናል፤ በእኛ አቈጣጠር ግን 2 ሰዓት ነው። መድኃኒት ለሚወስድ በሽተኛ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ሁለተኛ፥ መኪና የረዳውን ጽሑፍ መኪና እንደ ረዳው ለአንባቢ ይንገር። ሦስተኛ፥ ስሕተት ሲገኝ ስሕተቱ በወጣበት ስፍራ እርማቱ ይውጣ።

ልጁ፥ «እንዲህ ብናገር አንባቢ ይሸሸኛል» ብሎ ፈርቶ ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን የማሩን ስሕተት በራሱ ስም በመጀመሪያው ገጽ አረመ። ጥቂቶች አንባቢዎች ትተውታል፤ ጎረቤታችን ግን ዛሬም ታነበዋለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የብዕር ወለምታም፥ ብዕሩን የያዘው መኪና ቢሆን እንኳ፥ የሚያመው ሰውን ነው።