ሐዲዱ መጣ፣ ባቡሩ ቀረ!

ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ዋሻውን ማን እንደፈለፈለው ያውቃል። ጣሊያን ነው፤ ያውም በአምስቱ የወረራ ዓመት። ጠላት ለራሱ ብሎ የሠራው ዋሻ ዛሬም የይፋትን ሽንኩርትና ማሾ የጫነ አይሱዙ ያሳልፋል። በገዛ መንግሥታችን፣ በእኛው ስም በተወሰደ ብድር የተዘረጋው ሐዲድስ ምን አሳለፈ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ውል በ2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ተፈረመ። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ክሬዲት ስዊስ ካስተባበራቸው ባንኮች የመጣ ብድር ነው። በየካቲት 2007 የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፣ ተጨበጨበ። ሐዲዱ ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አድርጎ፣ በከሚሴ በኩል ኮምቦልቻ ይገባል። በ2011 ይኸው ክፍል ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ተባለልን። ባቡሩ ግን የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም!

ሐዲድ አንጣፊው አንድ መሥሪያ ቤት፣ መብራት ዘርጊው ሌላ መሥሪያ ቤት። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ልጆች፣ ሁለቱም ከአንድ ካዝና የሚበሉ። የኤሌክትሪክ ባቡር ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ ለማወቅ እኮ ኢንጂነር መሆን አያሻም። ደግሞስ መስመሩ ሐራ ገበያ ቢደርስ ከዚያ ወዴት ነው? ወደ ታጁራ ወደብ ይወስዳል የተባለው ቅጥያ አልተሠራ፤ ከመቀሌ የሚመጣውም በጅምር ቀረ።

አሁን አሁን "ጦርነቱ ነው ያስተጓጎለው" የሚሉ አሉ። እስቲ እንቁጠር። አጣዬ የተቃጠለችው በ2013 ነው። የሕወሓት ጦር ሸዋ ሮቢት የገባው በኅዳር 2014 ነው። በዚያ ሰሞን በመስመሩ ላይ ብዙ ንብረት መዘረፉና መውደሙ እውነት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን በ2011 "አለቀ" የተባለው ሐዲድ እስከ 2014 ባዶውን የተኛው በማን ጥይት ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ በሽታው ሌላ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እንሠራለን ተባለ። አሥር የስኳር ፋብሪካም ተጨመረበት። "ከየት አምጥታችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ማን ነበር? በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር 545ቱን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ያዙት፤ በ2007 ጭራሽ አንዱንም ሳያስተርፉ ጠቀለሉት። ነፃው ፕሬስ ከ1997 ወዲህ ደቅቋል። ባለሙያው ቢያውቅም አፉን ይዞ ደመወዙን መጠበቅ መረጠ፤ ማን ይፈርድበታል? ጎረቤታችን ኬንያም ከቻይና ተበድራ የዘረጋችው ሐዲድ በፈረንጆች 2019 ናይቫሻ ላይ፣ ከኡጋንዳ ድንበር ብዙ ርቆ ቆሟል። እዚያ ግን ጋዜጣውም ፍርድ ቤቱም ስለ ውሉ ሲሟገቱበት ከርመዋል። እኛ ዘንድ በ2010 ወንበሩ ላይ ሰው ተቀየረ እንጂ ተጠያቂ የሆነ አላየንም።

ዕዳው ግን አልተኛም። በታኅሣሥ 2016 አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ ወለድ መክፈል አቅቷት ስሟ በዓለም ገበያ ተለጠፈ። 33 ሚሊዮን! የዚህ የአንድ ሐዲድ ዋጋ ሃምሳ እጥፉን ይበልጣል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የቀወትና የኤፍራታ ገበሬ ነው። መሬቱ ሲወሰድ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለተፈናቃይ የሚሰጠው ካሳ የዓመት ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ ነው። የአሥር ዓመት ማሽላና ማሾ ተሰልቶ፣ በገንዘብ ተሰጥቶት "በቃህ" ተባለ ማለት ነው። በኋላ አዋጅ 1161/2011 ወጥቶ አሥሩን አሥራ አምስት አደረገው፤ ያን ጊዜ የእሱ መሬት ሐዲድ ሆኗል። ብሩም ቢሆን የ2007 ብር ነው፤ ያ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ያውቀዋል። ሥራው ከተጀመረበት ብንቆጥር አሥሩ ዓመት በ2017 ሞላ። ካሳው ተበልቶ አለቀ፤ ልጆቹ ግን ገና አልጠገቡም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ውሉ ይታተም። እስከ ዛሬ ስንት ዕዳ ተከፈለ፣ ስንት ቀረ? የኤሌክትሪኩ መስመር ከሐዲዱ እኩል እንዳይሠራ የወሰነው ባለሥልጣን ማን ነው? ዛሬስ በየትኛው ወንበር ተቀምጧል?