የአውሮፕላኑ ዕድሜና የስክሪኑ ዕድሜ፦ ከመቀመጫ ጀርባ የጠቆረው መስታወት ምን ይነግረናል?

ከጎንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ ጉዞውን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ስክሪን በሌለው አውሮፕላን ነው። ወደ አዲስ አበባ ከሚያመላልሱት አንዱ የሆነው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 በየመቀመጫው ፊት ቴሌቪዥን የለውም፤ ለ1 ሰዓት ገደማ በረራም አያስፈልገውም። ስለ ቀበቶ አስተሳሰር፣ ስለ ኦክስጅን ጭንብልና ስለ መውጫ በሮች የሚነገረውን መንገደኛው ከፊቱ ከቆመችው አስተናጋጅ ይመለከታል። ስክሪኑን የሚያገኘው ቦሌ ላይ ወደ ትልቁ አውሮፕላን ሲዛወር ነው። ወደ ሪያድ ለ3 ሰዓት ገደማ፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለማረፍ ሲመጣ ደግሞ ለ13 ሰዓት ገደማ ከፊቱ የሚቆየው ወንበር በጀርባው ፊልም፣ ሙዚቃና የበረራ ካርታ የሚያሳይ መስታወት ተሸክሟል።

ይህ መስታወት ግን ሁልጊዜ አይታዘዝም። የመንገደኞች ቅሬታ በየትኛውም አገር አየር መንገድ ብዙ አይለያይም፦ ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል፤ አንዱን ሲነኩት ሌላውን ይከፍታል፤ የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ላልቶ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፤ አስተናጋጇ «አጥፍተን እናስነሣዋለን» ብላ ትሄዳለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሁሉም መቀመጫ ስክሪን አንድ ላይ ይጠፋና ይበራል፤ የጠቆረው ግን እንደጠቆረ ይቀራል።

«ፊልም ባይኖርስ ምን ይጎድላል?» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሆኖም እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው መሣሪያው ለምን ሳይለወጥ አረጀ የሚል የገንዘብና የምቾት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ከስክሪኑ ጀርባ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት ይጠበቃል የሚል የሕይወት ጥያቄ ነው። መንገደኛው የሚያማርረው በመጀመሪያው ነው፤ የበለጠ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ሁለተኛው ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ገበሬ ይህን የዕድሜ አለመመጣጠን በራሱ ዕቃ ያውቀዋል፤ ሞፈሩ ዓመታት ሲያገለግል ማረሻው በየጊዜው ብረት ሠሪ ዘንድ እየሄደ ይሳላል፣ ሲያልቅም በሌላ ይተካል። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። አካሉና ክንፉ በአግባቡ ከተጠገነ 20 እና 25 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይበራል። በየመቀመጫው የተሰካው ኮምፒውተር ግን እንደማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያረጃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት በጎንደር ፒያሳ ሱቆች ይሸጡ የነበሩትን ስልኮች ማስታወስ በቂ ነው፤ ዛሬ ከእነዚያ መካከል በእጅ የሚገኝ ስንቱ ነው? በዚያ ዘመን የተሠራ የአውሮፕላን ስክሪንም የዚያ ዘመን ዕቃ ነው። በዚያ ላይ በየቀኑ በማያውቁት ጣቶች ሲጠነቆል፣ ገመዱ ሲጎተት፣ ጭማቂና ቡና ሲፈስበት ይኖራል።

ልዩነቱ ገበሬው ማረሻውን ለመለወጥ የማንንም ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። በአውሮፕላን ላይ ግን ትንሿ ስክሪን እንኳ የምትለወጠው የብቃት ማረጋገጫ ባለው ዕቃ ብቻ ነው። ማረጋገጫው እሳትን መቋቋምን፣ በግጭት ጊዜ የተቀማጩን ጭንቅላት አለመጉዳትንና የአብራሪዎቹን የሬዲዮና የአቅጣጫ መሣሪያዎች አለመረበሽን ይመለከታል። የመጀመሪያው አምራች በውስጡ የነበረችውን ቺፕ መሥራት ካቆመ ተመሳሳይዋን ገዝቶ መሰካት አይቻልም፤ አዲሱ እንደገና መፈተሽ አለበት። የዚህ ዕቃ ገበያ ደግሞ እንደ ፓናሶኒክ አቪዮኒክስና ታሌስ ባሉ ጥቂት ኩባንያዎች እጅ ነው። ስለዚህ መለዋወጫ ሲጠፋ አንዱ መፍትሔ ከአገልግሎት ከወጣ አውሮፕላን ላይ መንቀል ይሆናል። ሙሉውን ሥርዓት መለወጥ ቢፈለግ ደግሞ አውሮፕላኑ ከሥራ ውጭ ሆኖ መቀመጫዎቹ ይነቀላሉ፣ ሽቦው እንደ አዲስ ይዘረጋል። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ገቢ አያስገባም፤ ሥራ አስኪያጆች ስክሪኑን «ለከርሞ» የሚሉበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ይመስለናል።

በዚህ ላይ የአዳዲስ አውሮፕላኖች መዘግየት ተጨምሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኅዳር 2016 ዓ.ም በዱባይ የአየር ትርዒት 11 ድሪምላይነር፣ 20 ቦይንግ 737 ማክስና 11 ኤርባስ ኤ350-900 አዝዟል። በየካቲት 2016 ዓ.ም ደግሞ 8 ቦይንግ 777-9 ለመግዛት ተስማምቷል። ይሁን እንጂ 777-9 እ.ኤ.አ. በ2020 ለደንበኞች መድረስ ይጀምራል ተብሎ ቀጠሮ የተያዘለት ሲሆን ቀጠሮው በተደጋጋሚ ተገፍቷል። በመስከረምና በጥቅምት 2017 ዓ.ም የቦይንግ ሠራተኞች ከ7 ሳምንታት በላይ ሥራ ማቆማቸውም የአውሮፕላን ምርቱን ወደ ኋላ ጎትቶታል። የመቀመጫ አቅርቦት እጥረትም ተጠናቀው የሚጠብቁ አውሮፕላኖችን አዘግይቷል። አዲሱ ካልመጣ አሮጌው ይሠራል፤ አሮጌው ሲሠራ ስክሪኑም አብሮት ይሠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ነሐሴ 27 ቀን 1990 ዓ.ም ምሽት የስዊስኤር በረራ ቁጥር 111 ከኒውዮርክ ተነሥቶ ወደ ጄኔቭ ይጓዝ ነበር። አውሮፕላኑ ኤምዲ-11 ይባላል። ከተነሣ ከ1 ሰዓት በታች በሆነ ጊዜ አብራሪዎቹ እንግዳ ሽታ ሸተታቸው። ከዚያ በኋላ የቀራቸው 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 229 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከ4 ዓመታት በላይ ስብርባሪውን ከባሕር እያወጣ ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ሪፖርቱን አወጣ። እሳቱ የተነሣው በአብራሪዎቹ ክፍል አካባቢ ከጣሪያው በላይ ነበር። እዚያ ከተገኙት በእሳት ብልጭታ የተበሉ ሽቦዎች አንዱ ለመንገደኞች መዝናኛ ኃይል የሚያደርሰው መስመር ነበር። መርማሪዎቹ ይህ ሽቦ ብቻውን እሳቱን ጀመረ ብለው አልደመደሙም፤ በብልጭታው ውስጥ ድርሻ እንደነበረው ግን አስፍረዋል። በግድግዳውና በጣሪያው ውስጥ የነበረው ሙቀትና ድምፅ መከላከያ ልባስ በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑ እሳቱን አስፋፋው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባ ነገር አለ። ያ የመዝናኛ መሣሪያ ያረጀ አልነበረም። እንዲያውም በዘመኑ ዘመናዊ የተባለና በአውሮፕላኑ ላይ ቆየት ብሎ የተጨመረ ነበር። ችግሩ የተጨመረበት መንገድ ነው። አብራሪዎቹ ጭስ ሲያዩ የመንገደኞችን ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያጠፉበት ማብሪያና ማጥፊያ ነበራቸው፤ መዝናኛው ግን ከሌላ መስመር ኃይል ይወስድ ስለነበር በዚያ አይጠፋም። ቤቱ ውስጥ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ አንዱ ክፍል ከጎረቤት በተሳበ ሽቦ እንደበራ የቀረበትን ሰው ያስቡ። ስለዚህ እርጅና ብቻውን ወንጀለኛ አይደለም፤ ዘመናዊነትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የሚፈለገው መስመሩ በትክክል መዘርጋቱና ሲያስፈልግ መቋረጥ መቻሉ ነው።

ከአደጋው በኋላ አየር መንገዱ ያንን ሥርዓት ከአውሮፕላኖቹ ላይ አቋረጠ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም አገደው። በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ የተገጠሙ መዝናኛዎችም ተፈተሹ፤ ሠራተኞች ኃይሉን በቀላሉ የሚያቋርጡበት ማጥፊያ እንዲኖርና ተቀጣጣዩ ልባስ እንዲነሣ ታዘዘ። ዛሬ አንድ መንገደኛ የስክሪኑ ድንገት መጥፋት ሲያበሳጨው፣ ማጥፋት መቻሉ ራሱ በብዙ ሰው ሕይወት የተገዛ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

የእኛም አየር መንገድ ከመዝናኛ ውጭ የሆነ፣ በትምህርቱ ግን ተመሳሳይ የሆነ ገጠመኝ አለው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም «ንግሥተ ሳባ» የተሰኘው ድሪምላይነር ከአዲስ አበባ ለንደን ሂትሮው ደርሶ መንገደኞቹን ካወረደ ከሰዓታት በኋላ በቆመበት ጣሪያው ተቃጠለ። በውስጡ ማንም አልነበረምና የተጎዳ ሰው የለም። የብሪታንያ የአየር አደጋ ምርመራ ቢሮ መነሻውን አንድ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አገኘው። ዕቃው አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ ሲሆን፣ የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። አውሮፕላኑ ገና የ1 ዓመት ዕድሜ እንኳ አልነበረውም። ተጠግኖ በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ወደ ሥራ ተመልሷል። ስክሪኑንም ሆነ ሌላውን «ትርፍ ዕቃ» እንደ ማስጌጫ ማየት ለምን እንደማይገባ ከዚህ የቀረበ ምስክር የለም።

ስለዚህ የጠቆረ ስክሪን በራሱ አደጋ አይደለም። ደንቡም አውሮፕላኑ መዝናኛው ሳይሠራ እንዲነሣ ይፈቅዳል፤ የደኅንነት መመሪያው ቪዲዮ ካልሠራ አስተናጋጆች ቆመው በተግባር ያሳያሉ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ የሚግል ስክሪን፣ ከመቀመጫው ሥር የሚሞቅ ሣጥን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የተላጠ ሽቦ። እነዚህን ያየ መንገደኛ ይሉኝታ ሳይዘው ወዲያው ለአስተናጋጅ መንገር አለበት። በተለይ መጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ ወገኖቻችን «እኔን ማን ይሰማኛል» ብለው ዝም ማለታቸው ልማድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ዝምታ ትሕትና አይደለም።

መሣሪያው ሲያስቸግር አንዳንድ አየር መንገዶች የመረጡት ስክሪኑን ከነጭራሹ መተው ነው። የአሜሪካው አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲሶቹ 737 ማክስ አውሮፕላኖቹ በመቀመጫ ጀርባ ስክሪን እንደማይኖራቸው አስታውቋል፤ መንገደኛው በራሱ ስልክ ላይ በአውሮፕላኑ ዋይፋይ ፊልም ይመለከታል። ክብደት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ የሚበላሽ ዕቃም ይቀራል። ለአጭር በረራ ምክንያታዊ ነው። ለረጅሙ በረራ ግን በእኛ ሁኔታ መታሰብ ያለበት ሌላ ሰው አለ። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነሥተው አሜሪካ የሚሄዱ እናት የያዙት የቁልፍ ስልክ ነው። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ወጣትም ስልኳ ውስጥ ያለው ባትሪ ስትደርስ የሚቀበላትን ሰው ለመደወል የምትቆጥበው ነው። ለእነዚህ ሰዎች ካርታው ላይ የምትጓዘው ትንሽ አውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደቀረ የምትነግር፣ የአማርኛው ፊልምም በባዕድ ሰማይ ላይ የሚሰማ የአገር ድምፅ ነው። ስክሪኑን አንሥቶ «በስልክህ ተመልከት» ማለት ለእነሱ በሩን መዝጋት ይሆናል።

መዝናኛውን ወደ መንገደኛው ስልክ ማዛወርም ከእሳት ስጋት አያወጣም። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ አውሮፕላን ማረፊያ ለመነሣት የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ተቃጠለ፤ የተሳፈሩት ሁሉ በሕይወት ወጥተዋል። መርማሪዎች ምናልባት መነሻው በዕቃ መደርደሪያው ውስጥ የነበረ ፓወር ባንክ ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ስልክ በመቀመጫ መሐል ሲወድቅ ወንበሩን ማንቀሳቀስ ደግሞ ሌላው የተለመደ የእሳት ምክንያት ነው፤ ባትሪው በብረቱ ተጨፍልቆ ይቃጠላል። ስልክ የወደቀበት ሰው ወንበሩን ሳይነካ አስተናጋጅ መጥራት ይኖርበታል።

በእኛ አመለካከት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ረጅም ርቀት በሚበሩት አውሮፕላኖቹ ላይ ስክሪኑን መጠበቅ፣ ያረጀውንም ከትልልቅ የጥገና ቀጠሮዎች ጋር አቀናጅቶ መለወጥ ይገባዋል። ቦሌ የሚገኘው የጥገና ማዕከሉ ከአገር ውጭ ያሉ አየር መንገዶችን አውሮፕላኖች ጭምር የሚጠግን ነውና የባለሙያ ችግር የለበትም። እስከዚያው ግን ስክሪኑ በማይሠራበት መቀመጫ የተቀመጠ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ በድምፅ ማስታወቂያው ብቻ እንዳይወሰን፣ የቀረውን ሰዓትና የመሸጋገሪያውን ሥርዓት የሚያስረዳው ሠራተኛ ሊኖር ይገባል። ይህ የዶላር ወጪ የማይጠይቅ፣ በሥልጠና ብቻ የሚሞላ ጉድለት ነው።

መንገደኛው በበኩሉ ስለ መብቱ በትክክል ማወቁ ይጠቅመዋል። ብዙ ሰዎች ስክሪን ሳይሠራ ሲቀር ካሳ የሚከፈል ይመስላቸዋል። ለመንገደኞች ጠንካራ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 እንኳ የሚመለከተው የበረራ መሰረዝን፣ ረጅም መዘግየትን፣ መንገደኛን ያለ ፈቃዱ ከበረራ ማስቀረትንና ከተከፈለበት ዝቅ ባለ ማዕረግ ማስቀመጥን ነው፤ መዝናኛን አያነሣም። አየር መንገዶች በበጎ ፈቃድ ይቅርታ ወይም ነጥብ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ግዴታ ግን የለባቸውም። የሚሻለው ባዶ መቀመጫ ካለ ወደ ሌላ ለመዛወር መጠየቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን የመቀመጫውን ቁጥርና የብልሽቱን ዓይነት ለአስተናጋጅ ነግሮ በአውሮፕላኑ የካቢን መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቴክኒሻኑ ገልጦ የሚያነበው ያንን መዝገብ ነው።