የድንኳን ቦታም በትውውቅ?

«ሰው አለህ?» የምትለዋ ጥያቄ ያልገባችበት በር የለም። መታወቂያ ስናወጣ አለች፤ የሆስፒታል አልጋ ስንፈልግ አለች። አሁን ደግሞ ተራራ መውጣት ጀምራለች። 4,000 ሜትር ልትደፍን ምንም አልቀራት።

ባሌ ተራሮች ላይ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ። በኦሮምኛ «ጥቁር ባሕር» ማለት ነው። 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የጥንቱ የበረዶ ግግር ዓለቱን ቦርቡሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። በረዶው ከሄደ ከ10,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። አጠገቡ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ። እኛ ደምበጫ ያለን የጂኦግራፊ መምህራን በጠመኔ ስንስለው የኖርነውን ነገር አንድ ቀን እንኳ በዓይናችን ብናየው ብለን ተመኘን። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከሁሉም ጋር አጨብጭበናል። ለማጨብጨብ መቼም ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም።

ለመሄድ ግን ያስፈልጋል። ከደምበጫ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ድንሾ ሌላ 400። (ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በእኛ በኩል መንገድ መውጣት ራሱ ጸሎት የሚጠይቅ መሆኑን ለጊዜው እንተወው።) ይህን ሁሉ የሚያቋርጥ ሰው የት እንደሚያድር ሳያውቅ አይነሳም። ስለዚህ ወደ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ደወልን። የመጀመሪያው ጥያቄ «እንግዶቹ ከየት ናቸው?» የሚል ነበር። ከጎጃም አልን። ትንሽ ዝምታ። ከዚያ «ጥር ላይ የራሳችን ቡድኖች አሉ፤ እዚያ የምታውቁት ሰው ካለ ግን ሞክሩ» ተባልን።

ይህን ሳወራ የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ። «ኢትዮጵያዊ መቼ ድንኳን ውስጥ አድሮ ያውቃል?» ይላሉ። እስቲ መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሂዱና ቁጠሩ! ሸራ ወጥሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሜዳ ላይ የሚያድረው ሕዝብ ከየት የመጣ ነው? የጮቄ እረኛስ ብርዱን የሚያሳልፈው ሆቴል ገብቶ ነው? ውጭ ማደርን ፈረንጅ አላስተማረንም። ከፈረንጅ ያገኘነው ቦታን አስቀድሞ መያዝን ነው፤ እሱንም ወረፋውን አውጥተን ትውውቅ ጨመርንበት።

«ሰው ከበዛ ሐይቁ ይበላሻል» የሚሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ውርጭ የተረገጠ ሣር ቶሎ አያገግምም፤ በዓለም ከቀሩት 500 ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት በዚሁ ፓርክ ነው። ታዲያ ለዚህ መድኃኒቱ ቁጥር ነው እንጂ ዝምድና አይደለም። ካናዳ ውስጥ፣ ሮኪ ተራሮች ላይ፣ ኦሃራ የሚባል የበረዶ ሐይቅ አለ። የተፈቀደው 30 የድንኳን ቦታ ብቻ ነው። ምዝገባ ሲከፈት እንደ ትኩስ ዳቦ ያልቃል፤ ለቀን ጎብኚዎች የአውቶቡስ መቀመጫ ደግሞ ዕጣ ይወጣል። እዚያም የማይደርሰው ሰው ብዙ ነው፤ ያማርራልም። ያልደረሰው ግን ዕጣው ስላልወጣለት ነው እንጂ የአክስት ልጅ ስለሌለው አይደለም።

በሌሊት ስንት ድንኳን እንደሚያድር ይወሰን። የተያዘውና ያልተያዘው ቀን ለማንም ይታይ። በባንክ ካርድና በኢንተርኔት ብቻ ይሁን ከተባለ ደምበጫ እንደገና ውጭ ቀረች ማለት ነው፤ በስልክም ይሁን። ቴሌብር እንደሆነ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የመብራት ሒሳብ የምንከፍልበት ስልክ ለአንድ ሌሊት የድንኳን ቦታ ምን ይጎድለዋል? ፈረስ አከራዩም የድካሙን ዋጋ በዚያው ስልኩ ያገኛል።

አስጎብኚ ድርጅቶችም ይያዙ፤ ማን ከለከላቸው? ግን ከፍለው ይያዙ። ለማይመጣ ቡድን ጥርን በሙሉ አጥሮ የሚያስቀምጥ ድርጅት ገንዘቡ አይመለስለት። ቦታውም ቀጥሎ ተራ ለሚጠብቀው ይሰጥ፤ ያ ሰው ከለንደን ይምጣ ከደምበጫ።