የእሸት ቡና ግዢ ዕቅድ ከማድረቂያ አልጋ ይጀምር

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ ከጅማ ሰቶ ሰመሮ ቀበሌ አንስቶ እስከ ማና፣ ጎማና ጌራ ወረዳዎች ድረስ ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ቡናው ይቀላል፤ በቆሎውና ጤፉም መሰብሰብ ይፈልጋሉ፤ የሰው ጉልበት ያጥራል። እሸት ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ቀይ ፍሬ በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ጣዕሙም ይበላሻል።

የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የግዢ ዕቅድ በመፈልፈያ ማሽኑ አቅም ብቻ ከወጣ ችግር አለው። ለምሳሌ 60 ማድረቂያ አልጋ ያለው ጣቢያ እንውሰድ። የታጠበው ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ አልጋ ላይ 12 ቀን ቢቆይ፣ በቀን የሚለቀቀው 5 አልጋ ነው። ማሽኑ የ8 አልጋ ቡና ቢፈለፍልም የ3ቱ ማረፊያ የለውም። ዝናብ ጥሎ ማድረቁ 15 ቀን ቢፈጅ የሚለቀቀው ወደ 4 ይወርዳል። በየቀኑ 5 አልጋ የሚሞላ እሸት ለመቀበል ቃል የገባ ጣቢያ ሰማዩ በደመነ ቁጥር ወይ ቡናውን አልጋ ላይ ይከምራል፣ ወይ አርሶ አደሩን ከነጆንያው ይመልሳል። ቢከምር ጥራት ይወድቃል። ቢመልስ አርሶ አደሩ መርጦ የለቀመውን ቀይ ፍሬ በረከሰ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።

ስለዚህ ቃል የሚገባው በ4 አልጋ ልክ ይሁን። አምስተኛው መጠባበቂያ ነው። ፀሐይ በበረታበት ሳምንት ተጨማሪ መግዛት ይቻላል።

ለለቀማው፣ ለማጓጓዣው፣ ለመፈልፈያው ለየብቻ ሁለት ሁለት ቀን መጨመር ግን መፍትሔ አይሆንም። የተበታተነ ቀን ሳይታወቅ ያልቃል። እድር ለየአባሉ ድንኳን አይገዛም፤ አንዱን ለሁሉም ያስቀምጣል። መጠባበቂያ ጊዜም ሥራው በሚታነቅበት ቦታ፣ ማለትም በማድረቂያ አልጋው ላይ፣ በአንድነት ይያዝ።

ከወረዳ ኃላፊዎች ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ የአልጋ ጥገናና የመሸፈኛ ሸራ ግዢ እስከ ጳጉሜን ይጠናቀቅ። ሁለተኛ፣ ቡና በቆላማ ቀበሌዎች ቀድሞ፣ በደጋማዎቹ ዘግይቶ ስለሚቀላ የመቀበያ ተራው ይህንኑ ተከትሎ ይውጣ፤ ለአርሶ አደሩም ከለቀማ በፊት ይነገር። ሦስተኛ፣ ለቀማው በሚበረታባቸው ሳምንታት የልማት ሠራተኞችን ከጣቢያ ለስብሰባ መጥራት ይቁም።

አርሶ አደሩም ተራውን አይቶ ይልቀም። ተራ በሌለው ቀን የተለቀመ ቀይ ፍሬ በቤት ውስጥ በጆንያ ከሚያድር፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ሳስቶ ቢሰጣ ጥሩ ጀንፈል ይወጣዋል።

የዘንድሮን ዕቅድ የሚያጸድቅ ኮሚቴ አስቀድሞ በቀን የሚለቀቁትን አልጋዎች ይቁጠር። የሚገዛው ኩንታል መጠን ከዚያ ይወጣል።