ሩት ነጋ፣ ማህርሻላ አሊ እና የእኛ ቦታ፦ በምዕራቡ ድራማ ማን ለየትኛው ሚና ይታጫል?

በፈረንጆቹ 2025 የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት የሆነው ኤሚ እጩዎቹን ይፋ ሲያደርግ፣ ከስሞቹ መካከል አንዲት የአዲስ አበባ ተወላጅ ነበረች፤ ሩት ነጋ። ለእጩነት ያበቃት የአፕል ቲቪ ተከታታይ ድራማ «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ነው። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ የዐቃቤ ሕግ ባለሙያ ሚስት ሆና ከጄክ ጂለንሃል ጋር ተጫውታበታለች። ሽልማቱን ሌላ ተዋናይት ብትወስደውም አገር ቤት «የእኛ ልጅ» ተብሎላታል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከደስታው ጎን አንድ ጥያቄ እናንሳ። እሷ እዚህ የደረሰችው በየትኛው በር ገብታ ነው? ያ በር ለሙስሊም ተዋናይስ ክፍት ነውን?

የሩት አባት ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። በአራት ዓመቷ ከአገር ወጣች። ሰባት ዓመት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ሞቱ። አየርላንድና እንግሊዝ አድጋ፣ ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና ተማረች። ዝናዋ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ከመድረክ ቲያትር ጀምራ በአየርላንድና በእንግሊዝ ድራማዎች ትናንሽ ሚናዎችን ስትጫወት ዓመታት አልፈዋል። በ2011 በቢቢሲ ፊልም ላይ ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና ቀረበች፤ ከዚያም የአሜሪካ ድራማዎች ጠሯት።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው በ2016 በተጀመረው «ፕሪቸር» ተከታታይ ድራማ ውስጥ ነው። ታሪኩ የተወሰደበት የሥዕል መጽሐፍ ቱሊፕ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ወርቃማ ጸጉር ያላት ነጭ ሴት አድርጎ ይስላታል። አዘጋጆቹ ግን ሚናውን ለሩት ሰጡ። ድራማው እስከ 2019 አራት ምዕራፍ ሲዘልቅ ሩት ከዋነኞቹ ተዋንያን አንዷ ነበረች። በሩን የከፈተው እንግዲህ ችሎታዋ ብቻ አልነበረም፤ መራጩ የለመደውን መልክ ትቶ ለመምረጥ መፍቀዱም ነው። በዚያው ዓመት «ላቪንግ» በተባለው ፊልም፣ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግን ጋብቻ የሚከለክለውን ሕግ ያስሻሩትን ሚልድረድ ላቪንግን ሆና ተጫወተች፤ ለኦስካርም ታጨች።

የካቲት 2017 የነበረውን ያንን የኦስካር ምሽት እናስታውስ። ሩት በእጩነት በተቀመጠችበት አዳራሽ ማህርሻላ አሊ በ«ሙንላይት» ፊልም ምርጥ ረዳት ተዋናይ ሆኖ፣ በትወና ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ሙስሊም ተባለ። በዚያው ምሽት ኢራናዊው ዳይሬክተር አስጋር ፋርሃዲ ፊልሙ ቢያሸንፍም በአዳራሹ አልተገኘም። ምክንያቱ ከወር በፊት ዶናልድ ትራምፕ የሰባት አገራት ዜጎች አሜሪካ እንዳይገቡ የፈረሙት ትእዛዝ ነበር። ሰባቱም አገራት አብላጫው ሕዝባቸው ሙስሊም ነው፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ሱዳንም ነበሩበት። አንዱ ሙስሊም መድረክ ላይ ሲሸለም ሌላው ደጅ እንዲቀር ተፈረደበት ማለት ነው።

ይህ የአንድ ምሽት አጋጣሚ ነው እንዳይባል ቁጥሩን እንመልከት። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አነንበርግ የጥናት ቡድን በ2018 እና 2019 የተላለፉ 200 ታዋቂ ተከታታይ ድራማዎችን መርምሮ ነበር። ንግግር ካላቸው 8,885 ገጸ ባሕርያት ውስጥ ሙስሊሞቹ 98 ብቻ ሆኑ፤ 1.1 በመቶ ገደማ። ከነዚህ ጥቂቶችም ከ30 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥቃት ፈጻሚዎች ተደርገው የቀረቡ ናቸው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ገደማ የሆነ ኡማ በመስኮቱ ሲታይ ይህን ያህል ነው።

የሶማሊያዊው ባርካድ አብዲ መንገድም ይህንኑ ያሳያል። በሞቃዲሾ ተወልዶ፣ በየመን አድጎ፣ በ1999 ወደ ሚኒያፖሊስ የሄደ ስደተኛ ነው። በ2011 ለ«ካፒቴን ፊሊፕስ» ተዋንያን ሲፈለጉ ከ700 በላይ ሰዎች ተሰልፈው እሱ ተመረጠ። ከዚያ በፊት ተውኖ አያውቅም፤ ሾፌር ሆኖም ሠርቷል። ለኦስካር ታጨ፣ የእንግሊዙን ባፍታም አሸነፈ። ሚናው ግን የባህር ወንበዴ ነበር። ችሎታው የማያጠያይቅ ሆኖ ሳለ በሩ የተከፈተለት መሣሪያ ይዞ እንዲገባ ነው። በ2019 «ካስል ሮክ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ አሜሪካ የሚኖር ሶማሊያዊ ስደተኛ ሆኖ ለመታየት ዓመታት ፈጅቶበታል።

ሆኖም ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። ማህርሻላ አሊ በ2020 «ራሚ» በተባለው ድራማ ውስጥ የታጨው ለሱፊ ሸይኽ ሚና ነው። በዚህ ድራማ ውስጥ እንደ ሙስሊም የማንቀበላቸው ብዙ ትዕይንቶች አሉ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሸይኹ ግን አሸባሪም መሳለቂያም አይደለም። የሚያዳምጥ፣ የሚመክር፣ የሚቆጣ ሰው ነው። ልዩነቱ የመጣው ድራማውን የፈጠረው ራሚ ዩሱፍ ራሱ ሙስሊም በመሆኑ ነው። ሩትን የመራጭ በጎ ፈቃድ አስገባት፤ ይህን ሚና ግን የወለደው ብዕሩ በባለቤቱ እጅ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ የሚኖር ሙስሊም ወጣት ስልኩን ከፍቶ ማንን ያያል? ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከተከፈተ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲናገር ሰምቷል። የሆሊውድንም ያያል። የራሱን አያትስ? ቁጥሩ አናሳ ቢሆንም ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ የሚገበያየው፣ ለቅሶና ሠርግ የሚደራረሰው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሙስሊም ሙሉ ሰው ሆኖ የቀረበበትን ድራማ እኛ እስካሁን አላየንም። ምዕራባውያንን «ለምን አሳነሳችሁን?» ብለን ስንጠይቅ፣ ራሳችንንም «እኛስ ምን አሳየን?» ማለት ይገባናል። እንደሚቻል ምልክት አለ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በ2021 ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» ዘጋቢ ፊልም የሐረርን አካባቢ ሕይወት እስከ ሰንዳንስ ፌስቲቫል አድርሷል።

ስለ ፊልም የሸሪዓ ብይን የዑለማዎች አስተያየት ይለያያል፤ እሱን ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። የሚያከራክር የማይመስለን ግን አንድ ነገር አለ፤ ታሪክን መሰብሰብና መጻፍ። ወጣቱ ዛሬ የአያቱን የንግድ ጉዞ፣ የመስጂዱን አመሠራረት፣ የመንደሩን የአብሮነት ወግ በስልኩ ይቅረጽ። ባለሀብቱ ለአንድ ተማሪ የጽሑፍና የካሜራ ትምህርት ክፍያ ይሸፍን። የዛሬ ሃያ ዓመት አንድ የጋይንት ልጅ ለትልቅ ሚና ሲታጭ ታሪኩን ሌላ ሰው እንዳይጽፍለት፣ ሥራው ከአሁኑ ይጀመር። ወላሁ አዕለም።