ይዞራል እንጂ አይነሣም

ባለፈው ሐምሌ፥ በአንድ እሑድ ጧት፥ በደብረ ማርቆስ የአንድ ወዳጃችን ወንድ ልጅ አርባ ቀን ሞልቶት ክርስትና የሚነሣ ነበርና፥ እናቲቱንና ሕፃኑን በአሮጌዪቱ ቮልስዋገናችን ልናደርስ ቃል ሰጥተን ነበር። ሌሊቱን ዝናም ሲወርድ አድሯል። ቁልፉን ብናዞር ሞተሩ ይዞራል፥ ግን አይነሣም። ጊዜው እንዳያልፍብን ቸኩለን ያለ ዕረፍት ብናዞረው ባትሪው ደከመ። እናቲቱም ሕፃኑን በጋቢ ሸፍና፥ እኛም ጥላ ይዘንላት፥ በጭቃው በእግር ሄድን።

ጥፋቱ የእኛ እንጂ የመኪናዪቱ አይደለም። ሞተሩ በኃይል እየዞረ አልነሣ ሲል ብዙ ጊዜ የጐደለው ወይ ቤንዚን ወይ እሳት ነው። ይህንንም ለተማሪዎች ስናስረዳ ኖረን፥ በራሳችን በደረሰ ጊዜ መዘንጋታችን ያሳፍራል።

አስቀድሞ የሚታየው ቤንዚኑ ነው። የእኛዪቱ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራች ስለ ሆነች የቤንዚን መለኪያ የላትም፤ በንጹሕ እንጨት እንለካለን። ቀጥሎ አንድ ካንዴላ ፈትቶ ማየት ነው። ደረቅ ቢሆን ቤንዚኑ አልደረሰም፤ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚወጡበት ጊዜ በሙቀቱ ቤንዚኑ በመንገዱ ተንኖ እንዲህ ያደርጋል፥ እስኪበርድ መታገሥ ነው። ካንዴላው ርሶ ቢገኝ ግን ቤንዚን በዝቶበታል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ነው፤ ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል። ጥቂት ቆይቶ፥ የቤንዚን መርገጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ማዞር ይጠቅማል።

እሳቱን ለማየት፥ የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን አረጋግጦ፥ ካንዴላውን ከሽቦው ሳይለዩ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ማስነካት ነው፤ በባዶ እጅ ግን አይያዝም። ሲዞር ሰማያዊ ብልጭታ ካልታየ እሳት ወደ ካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል ክዳን መክፈት ነው። በውስጡ ያለው ፑንቲና ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ያንኑ ክዳን ብንከፍተው ውስጡ ውሃ አልቦት ተገኘ። ይኸው ብቻ ነበር! በደረቅ ጨርቅ ጠረግነው። ባትሪዋ 6 ቮልት ስለ ሆነ የጎረቤታችን 12 ቮልት አልረዳንም፤ ሆኖም ከዕረፍት በኋላ ጥቂት ኃይል ተርፎት ነበርና፥ ልጆች ቁልቁል ቢገፉልን ተነሣች። በዚያ ሰዓት ግን ክርስትናው ተፈጽሞ፥ እናቲቱ ልጇን ታቅፋ በእግሯ ቤቷ ደርሳ ነበር።