በቡሬ ያልተለካ የቡሬ አይደለም

በምህንድስና ክፍላችን እየተለመደ የመጣ አንድ ነገር አለና በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም። ለመመረቂያ ጽሑፉ የቡሬን የኤሌክትሪክ መሥመር በኮምፒዩተር አስመስሎ የሚሠራ ወንድማችን ትራንስፎርመሩን፣ የሽቦውን ርዝመትና ውፍረት በትጋት ያስገባል። ከሃርሞኒኩ ምንጭ ሲደርስ ግን ፕሮግራሙ ራሱ ያዘጋጀውን ቁጥር ተቀብሎ ያልፋል። ከዚያም «መዛባቱ ከወሰን በታች ነው» የሚል ውጤት ይወጣል፤ ጽሑፉም ይጠረዛል። እኛ ይህ ጥናት አይደለም እንላለን።

ከሌላ ክፍል ላላችሁ ጓደኞቻችን ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የእንጀራ ምጣድ ሞገዱን እንዳለ ይወስዳል። ባለ ሦስት ፌዝ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ግን እየቆራረጠ ስለሚወስድ በሴኮንድ 250፣ 350፣ 550 እና 650 ጊዜ የሚመላለስ ሌላ ሞገድ ይጨምርበታል። 5ኛ፣ 7ኛ፣ 11ኛና 13ኛ ሃርሞኒክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አይ ትሪፕል ኢ 519 የተባለው መመሪያ በ15 እና በ33 ኪሎ ቮልት መሥመር ላይ የቮልቴጁ ጠቅላላ መዛባት ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በነጻ የተለቀቀው ኦፕን ዲ ኤስ ኤስ የተባለው ፕሮግራም፣ ጭነቱ ምን እንደሆነ ካልተነገረው፣ 5ኛውን 20፣ 7ኛውን 14፣ 11ኛውን 9፣ 13ኛውን 7 በመቶ አድርጎ ይወስዳል። ፕሮግራሙን አንነቅፍም፤ ቁጥሩ የባዶ ቦታ መሙያ ነው። ነገር ግን ማለስለሻ ጥቅል የሌለው መቆጣጠሪያ 5ኛውን ከመሠረታዊው ጅረት ከግማሽ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ የልዩ ልዩ መሣሪያዎች ሞገድ አንግሉ ስለሚለያይ በከፊል ይጣፋል፤ ዝም ብሎ የደመረ ሰው ያላግባብ ያበዛል። ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ነውና «ለጥንቃቄ ነው» ማለት አያዋጣም።

ካፓሲተር ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። የአንድ ቦታ የአጭር ዙር ኃይል 50 ሜጋ ቮልት አምፔር ነው እንበል፤ 2 ሜጋቫር ካፓሲተርም ይተከል። 50 ለ2 ሲካፈል 25 ነው፤ በራሱ ተባዝቶ 25 የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ 5 ነው። መሥመሩ 5ኛውን ሃርሞኒክ አጉልቶ የሚያስተጋባ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ 5ኛው ሳይለካ «ካፓሲተር ይተከል» ብሎ መምከር እንዴት ይቻላል?

ዕዳውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የተመረቀባት፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተቋቋመባት ከተማ ናት። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በየትም አገር ፋብሪካ በበዛ ቁጥር መቆጣጠሪያም ይበዛል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎውን በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት የሚመጣው ገበሬ መቆጣጠሪያ የለውም፤ የወፍጮው ሞተር ግን በመሥመሩ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። 5ኛው ሃርሞኒክ ሞተሩን ወደ ኋላ ለማዞር የሚታገል ነውና ጥቅልሉ በከንቱ ይሞቃል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ሲቃጠል ባለወፍጮው ከኪሱ ያስጠቅልላል፤ ገበሬው እህሉን እንደጫነ ይመለሳል። «ከወሰን በታች ነው» ብሎ የጻፈው ተማሪ ግን ተመርቆ ሄዷል።

«መለኪያው ውድ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አይገዛም። ነገር ግን አንድ መለኪያ በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ለአንድ ሳምንት ውሎ፣ የገበያውን ቀንና የሥራውን ቀን፣ ቀኑንና ሌሊቱን በየ10 ደቂቃው ቢመዘግብ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለሚነሣ ተማሪ ፍኖተ ሰላም በዋናው መንገድ ላይ ናት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። የትምህርት ክፍሎች የሃርሞኒኩ ቁጥር ከየት እንደመጣ የማይናገር ጽሑፍ አይቀበሉ። የተለካው ሁሉ ለተከታዮቹ ተማሪዎች በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ለመለካት ፈቃዱን፣ የአጭር ዙሩንም ቁጥር ይስጥ።

አባቶቻችን «ሺህ ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ብለዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለካ የሚቆርጥ መሐንዲስ ለአገሩ ምን ሊሰፋላት ነው?